ምልክቱ የተፋቀው በርሜል

ኡናይሲ አርፋ መቀመጥ የማትችል ሴት ናት። ላውቶካ በምትባል የደሴት ከተማ ዳር፣ እንጨት በምስጥ መከላከያ መርዝ በሚነከርበት ግቢ ስድስት ዓመት የዕቃ ቤት ኃላፊ ሆና ስትሠራ ወንበሯን አሙቃ አታውቅም። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር የመርዙ በርሜል ላይ ያለውን የራስ ቅል ሥዕል በጣቷ እየነካች ለጌጥ የተለጠፈ አለመሆኑን የምታስረዳው እሷ ናት። ያንን ምልክት በገዛ እጇ የፋቀችውም እሷው ናት።

አጎቷ ፔናያ ከመንደር መጥተው ለዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ አንድ ባዶ በርሜል ጠየቋት። እዚያ አገር ዘመድ ሲጠይቅ እምቢ አይባልም። ደግሞስ ሞት የተሳለበት ዕቃ ለአጎቱ በስጦታ የሚሰጥ ማን ነው? በርሜሉን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠበችው፣ የራስ ቅሉ ያለበትን ወረቀት በቢላዋ ፍቃ አነሳችው። ፔናያም መርቀዋት ሄዱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ ሠራተኛውን ሰበሰበ። የምስጥ መከላከያው ባዶ በርሜል ራሱ አደገኛ ቆሻሻ ነው፣ መርዙ በማጠብ አይለቅም፣ ተበስቶ ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ መሰጠት አለበት አለ። ኡናይሲ ስብሰባው ሳያልቅ ወደ አጎቷ መንደር ልትሄድ ወጣች። አውቶቡሱ እስኪመጣ ፌርማታው ላይ ስትንቆራጠጥ ቆየች፤ ከተሳፈረችም በኋላ ባዶ ወንበር እያለ ቆማ ሄደች።

አጎቷ ደጃፍ ላይ በርሜሉ የለም።

«በማግስቱ የፓስተሩ ሚስት ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት» አሉ ፔናያ። «ልጆች ይበዙባታል። ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

ወደ ፓስተሩ ቤት ሮጠች። የፓስተሩ ሚስት ቫሲቲ ከአሸንዳው ሥር ቆማ ለትንሿ ልጇ ከበርሜሉ በጣሳ ትቀዳለች። ኡናይሲ ጣሳውን ከእጇ ነጥቃ ደፋችው፤ በርሜሉንም በሁለት እጇ ገፍታ ገለበጠችው። የሰጡትን መልሶ መንካት እዚያ መንደር ትልቅ ነውር ነውና ጎረቤቱ ሁሉ እየወጣ ያያት ጀመር። ፊቷ በኀፍረት ጋለ።

«የመርዝ በርሜል ነው» አለች። «ምልክቱን የፋቅኩት እኔ ነኝ።»

ቫሲቲ አምስቱን ልጆቿን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠጥተዋል። አሁን ምን ይሆናሉ?»

ስድስት ዓመት ለሰው ስታስረዳ የኖረችው ኡናይሲ፣

«አላውቅም» አለች፣ እያለቀሰች። ትንሿን ልጅ አዝላ የሐኪም ቤቱን መንገድ ጀመረች፤ ቫሲቲም አራቱን ይዛ ከኋላዋ ተከተለች።