አረንጓዴው ከረጢት የሸፈነው መብራት

ጂያን ሱ-ዬ በዶውሊዩ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት የሞተ ሃርድ ዲስክ ስታስነሣ ኖራለች። ሱቋ በጥርስ ሐኪምና በጫማ ቤት መካከል የተወሸቀ ነው፤ ደንበኞቿም ጥርሱን ከታመመው ሰው ብሰው፣ ፊታቸው ጠቁሮ ነው የሚገቡት። ሱ-ዬ አታዝንላቸውም። ሌላ ቦታ ግልባጭ እንዳላቸው ትጠይቃለች፤ መልሱን ስለምታውቀው ሳትጠብቅ ጓንቷን ታጠልቃለች። ባሏ በሕይወት ሳለ፣ ይሄ አፍሽ ደንበኛ ያባርራል ይላት ነበር። የት አባታቸው ይሄዳሉ? በአውራጃው ይህን ሥራ የሚያውቅ ከእሷ ሌላ የለም።

ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው አረንጓዴውን ከረጢት ነው። የአገሩ ሰው ሰርቨር የሚባለው መረጃ አከማች ኮምፒውተር ባለበት ሁሉ፣ ሆስፒታልም ይሁን ባንክ፣ ማሽኑ ላይ አንድ ከረጢት የበቆሎ ብስኩት ያስቀምጣል። የብስኩቱ ስም «ጨዋ ሁን» እንደማለት ስለሆነ ማሽኑም ጨዋ ይሆናል ነው ነገሩ። ከረጢቱ አረንጓዴ መሆን አለበት፣ ጊዜው ማለፍ የለበትም፤ ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ የእሱን ብስኩት የበላ ደግሞ ወዮለት። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ መሐንዲሶች ይህን ፈገግ እንኳ ሳይሉ ያስረዷታል። ሱ-ዬ እነዚህን ሰዎች ማን ዲግሪ እንደሰጣቸው ይገርማታል።

በጥቅምት ወር፣ በአንዱ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሁዌይ ከተማ ተደወለላት። ደዋዩ ቱ ጂን-ሎንግ ነበር፤ የአንድ የእጅ አሻንጉሊት ቴአትር ቤት ሥራ አስኪያጅ። ሰርቨሩ «አኩርፏል» አለ። ሱ-ዬ፣ ማሽን አያኮርፍም፣ እስክመጣ እጅህን ሰብስብ ብላው መኪናዋን አስነሣች።

የሰርቨሩ ክፍል ድሮ የአሻንጉሊቶቹ ልብስ ማስቀመጫ ነበር። ጥግ ላይ ጋሽ ዮው ቴን-ዲንግ አንገታቸውን በሻሽ ሸፍነው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሃምሳ ዓመት አሻንጉሊቶቹን ሁሉ፣ ጦረኛውንም፣ መበለቷንም፣ ጦጣውንም፣ በአንድ ጉሮሮ ሲያናግሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በሐምሌ ሐኪሞች በካንሰር ምክንያት ማንቁርታቸውን አወጡት። ከዚያ በፊት የነበሩትን ዘጠኝ ቀናት ግን ስቱዲዮ ገብተው የመጨረሻ ተውኔታቸውን ቀርጸዋል። ያ ድምፅ ያለው እዚህ ማሽን ውስጥ ብቻ ነበር።

ለምን ሌላ ቦታ እንዳላስቀመጠ ስትጠይቀው ቱ ተገረመ። «አምስት ዲስክ አለው እኮ፣ እትዬ ጂያን። አንዱ ቢሞት አራቱ የጎደለውን አስልተው ይሞላሉ ብለውኛል።»

አልዋሹትም። ሁለት ሲሞቱ ምን እንደሚሆን ግን አልጠየቀም።

ሱ-ዬ አጎነበሰች። አረንጓዴው ከረጢት ከማሽኑ ፊት ተደግፎ ቆሟል። እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ ይዛ አነሣችው፤ ከኋላው ቀይ መብራት እየበራ ነው። የማሽኑን መዝገብ ከፍታ አነበበች። የመጀመሪያው ዲስክ የሞተው በየካቲት ነው፤ ሁለተኛው ትናንት። ስምንት ወር ሙሉ መብራቱ ለብስኩት ሲያበራ ከርሟል። ማንቂያ ጩኸትም ነበረው፤ ቱ ቀረጻ ይረብሻል ብሎ ዘግቶታል።

«በየካቲት ዲስኩ ሞተ» አለች። «ከየካቲት ወዲህ ምን ቀየርክ?»

«ከረጢቱን» አለ ቱ። «ጊዜው ሊያልፍ ሲል ቀየርኩ። ሁለቴ።»

ቱ ግን መፍትሔም ነበረው። የየካቲቱን ዲስክ አውጥቶ መልሶ ሲሰካው አረንጓዴ አብርቷል፤ አሁን የቀረው «አስገድደህ አስነሣ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው። ጣቱ እዚያው አጠገብ ነበር። ሱ-ዬ እጁን መታችው። ያ ዲስክ የሚያውቀው እስከ የካቲት ያለውን ነው፤ ማሽኑ ካመነው አሮጌውን ከአዲሱ ይቀላቅልና በሐምሌው ድምፅ ላይ ይጽፍበታል።

«ንካውና የጋሽ ዮውን ጉሮሮ ለሁለተኛ ጊዜ ትቆርጠዋለህ» አለችው።

ሽማግሌው እዚያው መኖራቸው ትዝ ያላት ከተናገረች በኋላ ነው። ዘወር ስትል ጋሽ ዮው ያለ ድምፅ እየሳቁ ነበር።

አምስቱንም ዲስኮች በየተራቸው ቁጥር ጽፋባቸው ወደ ሱቋ ወሰደች። የየካቲቱን ለብቻው መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። ሦስቱን ጤነኞች በአዳዲስ ዲስኮች ላይ ገለበጠች። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ትናንት በወደቀው ላይ ነበር፤ አልሞተም፣ ቆስሎ ይቧጥጣል። ከተመሳሳይ ዲስክ ማንበቢያውን አውጥታ ገጠመችለት፤ ጥቂት አንብቦ ይቆማል፣ ታሳርፈዋለች፣ ደግሞ ያነባል። ሦስት ቀን እንዲህ ሄደ። ቱ በየቀኑ እየደወለ አዲስ ከረጢት ላምጣ ወይ ይላል፤ ጆሮው ላይ ትዘጋበታለች። ድምፁ ጨርሶ ቢጠፋ ለሽማግሌው ምን እንደምትላቸው ግን አታውቅም ነበር፤ ይህም አስፈርቷታል።

ዓርብ ከሰዓት ጋሽ ዮው በአውቶቡስ መጡ። ሱ-ዬ አራቱን ግልባጮች አጣምራ፣ የአምስተኛውን ድርሻ አስልታ፣ ድምፁን ከፈተችው። ጦረኛው ተናገረ፤ መበለቷ መለሰችለት። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከቃሉ ጋር ያንቀሳቅሱ ጀመር። የጦጣው ንግግር መሀል ላይ አሥራ አንድ ሰከንድ ጠፍቷል፤ ሱ-ዬ አንገቷን ደፍታ ነገረቻቸው። ትንሿን ሰሌዳቸውን አውጥተው ጻፉ፦ «እዚያ ላይ ሳል ይዞኝ ነበር። እንኳን ጠፋ።»

ይኼኔ ቱ ከተፍ አለ፤ አዲስ አረንጓዴ ከረጢት ይዟል። እየተሳለመ የሱ-ዬ ማሽን ላይ አስቀመጠውና ለከረጢቱ ጎንበስ አለ። ለእሷ ሰላምታ እንኳ አልሰጣትም።

ጋሽ ዮው ተነሥተው ከረጢቱን አነሡና ቀደዱት። ቱ ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ሽማግሌው አንድ ብስኩት ሱ-ዬ የቀዳችላቸው ሻይ ውስጥ ነክረው በሉ፤ ከዚያም ከረጢቱን ወደ ሱ-ዬ ገፋ አደረጉ። ሰሌዳው ላይ «ብዪ» የሚል ጽፈዋል።

ሱ-ዬ እጇን ዘረጋች። ከረጢቱ አፍ ላይ ስትደርስ ግን ጣቶቿ ቆሙ። ስክሪኑ ላይ ሽማግሌው ይዘውት የሚሄዱት ሁለተኛ ግልባጭ ስልሳ አንድ በመቶ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሳቀችባቸው ሰዎች ሁሉ በአንድነት የሚያዩዋት መሰላት፤ አፈረች፣ እጇ ግን አልታዘዘም።

«ትንሽ ይቆየኝ፣ ጋሽ ዮው» አለች። «መጀመሪያ ይሄ ገልብጦ ይጨርስ።»

ጋሽ ዮው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቁ። ከዚያ ሌላ ብስኩት አንሥተው ሻያቸው ውስጥ ነከሩ።