የጠራዡ ስልሳ ሦስት ሰንጢዎች

ተቆጣ! አዎ፣ በደንብ አድርጎ ተቆጣ፤ ጠረጴዛ ደበደበ፣ ጮኸ፣ ሲወጣ በሩን ያላተመው አላተም የፀጉር ቤቱን መስተዋት አንቀጠቀጠው። ከዚህ የሚበልጥ ምን የምሥራች አለ? «ሰው ተቆጣ ተብሎ ደስ ይባላል ወይ?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሥ፤ ማን እንደተቆጣና ከምን ተነሥቶ እንደተቆጣ ሲሰማ እሱም እልል ይላል።

የተቆጣው ጠራዡ ነው። በአንድ ማተሚያ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት መጽሐፍ ሲሰፋ፣ ሲያጣብቅ፣ ሲጠርዝ የኖረ፣ አውራ ጣቱ ከመርፌ ብዛት እንደ ጫማ ሶል የደደረ፣ ረጅም ቀጭን ሰው። ከስምንት ወር በፊት ማተሚያ ቤቱ መስፋቱንም ማጣበቁንም ባንዴ የሚጨርስ ማሽን አስገባና የጥረዛ ክፍሉን ዘጋ። ለጠራዡ በፍሬም የተቀመጠ የምስጋና ወረቀት ሰጡት፣ አጨበጨቡለት፣ ፎቶ አነሡት። ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ቤቱ ገባ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሞት ቢሆን ሰው መጥቶ ያጽናናዋል፤ ሕመም ቢሆን ሐኪም ያየዋል። የሱ ነገር ግን ስም አልነበረውም። አላለቀሰም፣ አላማረረም፣ ማሽኑንም አልረገመም። ጠዋት በሰዓቱ ይነሣል፣ ይላጫል፣ የሥራ ልብሱን ይለብሳል፣ ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል። ከመስኮቱ ወዲያ የጎረቤት ግድግዳ አለ። እሱ ግድግዳውን ያያል፣ ግድግዳው እሱን ያያል፤ ሁለቱም የሚሉት የላቸውም። ሲመሽ ልብሱን አውልቆ አጣጥፎ ያስቀምጣል። በማግስቱ እንደገና።

ባለቤቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። ነገር አያመልጣትም፤ ምላሷም ከታይፕ ጣቷ አይዘገይም።

«ምን ሆነሃል?» ትለዋለች።

«ምንም።»

«ምንም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ምንም ማለት ምንም ነው።»

አንድ ቀን ልትፈትነው ብላ ጨው ያልነካው ሾርባ አቀረበችለት። ጠጥቶ ጨረሰ። በማግስቱ ጨዉን እፍኝ አድርጋ አቀረበችለት። ጠጥቶ ጨረሰና «ተባረኪ» አላት። ያን ዕለት ኩሽና ገብታ በፎጣ አፏን አፍና አለቀሰች። «ምነው በሳህኑ በወረወረኝ» አለች በኋላ ለጎረቤቷ፤ «ወርውሮ ቢስተኝ እንኳ ይበቃኝ ነበር።»

እንግዲህ ይህ ሰው ድሮ ነፍሱ ያለው ሰንጢ ላይ ነበር። ተጣጥፎ ኪስ የሚገባ፣ ዘመን የጠገበ፣ የሰው እጅ ያሟሸው አሮጌ ሰንጢ። አዲስ ቢሰጡት ዞር ብሎ አያይም። ስልሳ ሦስት አለው። በእንጨት ሳጥን፣ ከጥረዛ በተረፈ ጨርቅ ላይ ደርድሯቸዋል፤ በየወሩ አንድ ጠብታ ዘይት ያጠጣቸዋል። የየአንዳንዳቸውን ታሪክ ደግሞ ራሱ ሰፍቶ በቆዳ በጠረዘው ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ በጥቁር ቀለም ጽፎታል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ሰዎች በፀጉር ቤቱ ጓሮ ክፍል ይሰበሰባሉ። አንዱ ጠራዡ ነው። ሁለተኛው የቤቱ ባለቤት ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሦስተኛው ከባድ መኪና የሚነዳ፣ ቀልድ ካልተናገረ ምግብ የማይፈጭለት ሹፌር ነው። አራተኛዋ ጡረታ የወጣች የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት፤ ሁሉም «ቲቸር» ይሏታል። በሳምንቱ ያገኙትን ሰንጢ በመሐረብ ጠቅልለው ያመጣሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። መጀመሪያ በጆሮ ነው። ሁሉም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ የሰንጢው ባለቤት ሲከፍተው ቀጭ የሚለውን ይሰማሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው በዓይን።

አንድ የማይጣስ ደንብ አላቸው። ሰንጢ ታሪኩ ሳይነገር እጅ አይቀይርም። ሰጪው ከየት እንዳገኘው ይተርካል፤ ተቀባዩ «ሰምቻለሁ፣ እኔም እናገራለሁ» ይላል። ይህን ሳይል የወሰደ ሰረቀ ነው የሚባለው።

በነዚያ ስምንት ወራት ጠራዡ ቅዳሜ አልቀረም፤ ባለቤቱ ከበር ገፍታ ታስወጣዋለች። ግን ባዶ እጁን ነው የሚመጣ። ሹፌሩ «ከወላለቀ ትራክተር መቀመጫ ሥር አገኘሁት!» ብሎ አንዱን ሲያወጣ፣ ቲቸር «ይሄማ ሰንጢ አይደለም፤ ዝገት ነው ሰንጢ የያዘው» ትለዋለች። እሷ ደግሞ ከአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና መሳቢያ ያገኘችውን ባለ አጥንት እጀታ ስታወጣ ፀጉር አስተካካዩ በቅናት ምራቁን ይውጣል። ጠራዡ ሲሰጡት ይቀበላል፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይመልሳል።

«እንዴት ነው ጋሼ?»

«ጥሩ ነው።»

ዝገቱንም ጥሩ ነው፣ አጥንቱንም ጥሩ ነው። አንድ ጊዜ ሹፌሩ ሆን ብሎ የጥፍር መቁረጫ አቀበለው። «ጥሩ ነው» አለና መለሰለት። ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ሳጥኑን በብብቱ ይዞ መጣ።

«ምነው ጋሼ፣ ቤት ልትቀይር ነው እንዴ?» አለ ሹፌሩ።

«ላድላችሁ ነው።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። እኔ ምን አደርግበታለሁ? አቧራ ይዟል።»

ፀጉር አስተካካዩ አንዱን ደንበኛ ግማሽ ፊቱን ላጭቶ ለደቂቃ ብሎ ነበር ወደ ጓሮ የገባው። ምላጩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። «ባለቤትዎ ያውቃሉ?»

«ኋላ ታውቃለች።»

ቲቸር ሹፌሩን በክንዱ ጎትታ ወደ መስኮቱ ወሰደችውና «ይሄ ሳጥን ባዶውን ቤት ከገባ ሰውየው አብሮ አለቀ፤ ሌላ የቀረው ነገር የለውም» አለችው በሹክሹክታ። «ታዲያ እምቢ እንበለዋ!» «እምቢ ብንለው መንገድ ላይ ለማንም ይሰጠዋል።» ትንሽ አሰበችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «እሺ፣ እንቀበላለን። ግን ደንቡ ደንብ ነው፤ የየአንዳንዱን ታሪክ ትነግረናለህ።» ታሪኩን ሲናገር አንዱ ጋ ልቡ ይነካል ብላ ነው። ብልጥ ናት።

ልቡ አልተነካም። ጠራዡ ሳጥኑን ከፈተና እንደ አውቶቡስ ጣቢያ ድምፅ ማጉያ ጀመረው። «አንድ። እጀታው ቀንድ። ከአንድ አትክልተኛ የተገኘ። አባቱ ጽጌረዳ ይገርዝበት ነበር። ውሰጂ።» ቲቸር «ሰምቻለሁ፣ እኔም እናገራለሁ» አለች። «ሁለት። እጀታው ናስ። ከጎርፍ በኋላ ከቦይ የወጣ። ውሰድ።» ፀጉር አስተካካዩ ወሰደ። ሦስት። አራት። እጁ አይንቀጠቀጥም፣ ዓይኑ አይቆይም፤ ሰንጢዎቹ ከጨርቁ ሲነሡ የሚቀረውን ባዶ ቅርጽ እንኳ አያይም። ሰባተኛው ላይ ቲቸር ነገሩ እንዳልሠራላት ገባት፤ መነጽሯን አውልቃ መጥረግ ያዘች።

ስምንተኛው የመርከበኛው ሰንጢ ነበር። የሳጥኑን መሐል የያዘው እሱ ነው። ጠቆር ያለ፣ ስለቱ በዝገት ነጥብ የተበላ፣ እጀታው ላይ ትንሽ መልህቅ የተቀረጸበት።

«ይሄን ለአንተ» አለው ሹፌሩን። «አንተው ነህ ያመጣህልኝ። ስምንት። ከወደብ፣ ከአንድ ሽማግሌ መርከበኛ የተገኘ። ማዕበል በተነሣ ቀን ገመድ ቆርጦበት ሰባት ሰው አዳነ። ውሰድ።»

ሹፌሩ እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበ።

«እኔ ይቅርብኝ ጋሼ።»

«ለምን?»

«እንዲያው።»

«ሰምቻለሁ በልና ውሰድ።»

«ሰምቻለሁማ ሰምቻለሁ… እናገራለሁ የሚለው ነው ያቃተኝ።»

ቲቸር በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው።

«ምን ትረግጪኛለሽ! አንቺም እኮ አለሽበት!» ብሎ ፈነዳ። «መርከበኛ የለም ጋሼ! እኔ ወደብ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ከብረታ ብረት ሱቅ ነው የገዛሁት። አዲስ ነው። በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር።»

ጠራዡ ሰንጢውን ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ዝገቱስ?»

ቲቸር መሬት መሬት እያየች፣ «ኮምጣጤ» አለች። «ከዚያ ደግሞ ወፍራም ሻይ። አራት ቀን ነከርኩት። ከዚያ እርጥብ አሸዋ።»

«መልህቁስ?»

«በሚስማር» አለ ፀጉር አስተካካዩ ቀስ ብሎ።

«አንተም?»

«እኔ መልህቁን ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

ነገሩ የአንድ ቅዳሜ ቀልድ እንዲሆን ነበር የታሰበው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ «እስቲ ያውቅ እንደሆን» ብለው ነው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡለት። እሱ ግን ጆሮው ሥር አድርጎ ከፈተው፣ አሸተተው፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ «ይሄ ባሕር ያየ ብረት ነው» አለ። ያሸተተው ኮምጣጤ ነበር። ከዚያ ማን ደፍሮ ይንገረው? ዛሬ ነገ ሲሉ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ።

አሁን ጠራዡ አንገቱ ሥር ቀላ። ቅላቱ ወደ ጆሮው ወጣ።

«አራት ገጽ» አለ።

«ጋሼ…»

«አራት ገጽ ነው የጻፍኩት! በቀለም! ማዕበሉን ጽፌያለሁ! ገመዱን ጽፌያለሁ! ለሰባቱም መርከበኞች ስም አውጥቼላቸዋለሁ!»

ቲቸር ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። «ስም አውጣላቸው ብለን እኛ አላዘዝንህም።»

«ዝም በይ፣ አንቺ ኮምጣጣ!» ጠረጴዛውን በጡጫ መታው፤ ሰንጢዎቹ ዘለሉ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ! ለማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር ተርኬያለሁ! ቆሞ ነው የሰማኝ! አንተ ደግሞ» አለ ወደ ሹፌሩ ዞሮ፣ «አጠገቤ ተቀምጠህ ‹ወይ ጉድ› ትል ነበር! እኔ ስተርክ አንተ ‹ወይ ጉድ›!»

«የእውነት ደስ ስለሚለኝ እኮ ነው ጋሼ! አንተ ስትናገረው እኔ ራሴ አምነዋለሁ!»

«መልሱ! ሁላችሁም አምጡ! ለውሸታም የማድለው ሰንጢ የለኝም!»

ቲቸር ሁለቱን መለሰች፤ ፀጉር አስተካካዩ ሦስቱን፣ ሹፌሩም ሁለቱን። ጠራዡ እያንዳንዱን በየቦታው እየጫነ አስገባ፣ አንዱን በእጅጌው ጠረገው። ሹፌሩ የመርከበኛውን ሰንጢ ሊያነሣ ሞከረ።

«ይሄን ልጣልልህ ጋሼ? አስቀያሚ ነገር ነው።»

«እጅህን! አሥራ አንድ ዓመት ዘይት ያጠጣሁት እኔ ነኝ፣ ማን ነኝ ብለህ ነው የምትጥለው?» ብሎ ነጠቀው፤ እሱንም መሐል ላይ፣ በቦታው ከተተው። ከዚያ ወጣ። በሩን ሲያላትመው ነው እንግዲህ መስተዋቱ የተንቀጠቀጠው። ግማሽ ፊቱ ሳሙና የሆነው ደንበኛ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

በሩ ተመልሶ ተከፈተ። ጭንቅላቱን ብቻ አስገባ።

«የዛሬ ሳምንት ሦስታችሁም እዚሁ ትገኛላችሁ! ከሱቁ ጀምሮ እስከ ሚስማሩ ድረስ፣ እንደተሠራው እንደተሠራው ትነግሩኛላችሁ። እጽፈዋለሁ። አንድ ነገር ብትዘሉ ወዮላችሁ!»

ሦስቱ ተያዩ። ቲቸር ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ትሳቅ ታልቅስ አይታወቅም። ደንበኛው «ፖሊስ ልጥራ?» ሲል ፀጉር አስተካካዩ አቅፎ ሳመው፤ ሳሙናው ሸሚዙን አበላሸው።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ የጠራዡ ባለቤት ደወለች። ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን አነሣ።

«ምን አድርጋችሁት ነው?» አለች።

«ይቅርታ እትዬ፣ ጥፋቱ የኛ ነው፣ እኛ…»

«የምን ይቅርታ! ከገባ ጀምሮ እየተሳደበ ነው እኮ! ኮቱን ሳያወልቅ፣ ቆሞ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ሁሉንም ነገረኝ። አሁን ያን መጽሐፍ ስፌቱን ፈትቶ አራቱን ገጽ እያወጣ ነው። ክር አምጪ ይላል፣ ማጣበቂያ የት ነው ይላል፣ አምፖሉ ደከመ ይላል፣ ሦስት ጊዜ በስሜ ጠራኝ!» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስማኝማ ልጄ፣ ሌላ የዋሻችሁት ነገር አለ?»

«ኧረ የለም እትዬ!»

«ካለ ባንዴ አትጨርሱት። በየሳምንቱ አንድ አንድ።»

እኔ ይህን ሁሉ ለሰማ ላልሰማው ስናገር ነው የሰነበትኩት። የቀረችው የጠራዡ እህት ናት፤ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ነው የምትኖር፣ ስልኳም ተበላሽቷል፣ ዛሬም ያው ግድግዳውን እያየ ነው ብላ ነው የምታስብ። አሁን እሷ ጋ ልነግራት ነው የምሄድ፤ አውቶቡሱ መጣ፣ ልሩጥ!