አሚን የተባለበት ከረጢት

ባለፈው ሳምንት በወንድሜ በሰይድ ልጅ ሠርግ ላይ አንድ ጥቁር ትልቅ መኪና ድንኳኑ ፊት መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋ መኪናው ፉሽሽ ብሎ ተነፈሰና ወደ መሬት ዝቅ አለ። ልጆች ሊያዩት ተሯሯጡ። እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ ነበርን፤ የሰይድ ድምፅ ግን መጋረጃ አይከለክለውም።

«የሀጂ እንድሪስን መኪና ታስታውሳላችሁ?» አለ። «እህቴ በምላሷ ያፈነዳችውን?»

ወንዶቹ ሳቁ። ከእኔ ጋር የተቀመጡት ሴቶችም ወደ እኔ እያዩ ሳቁ። የሠርግ ቤት ነውና እኔም ፈገግ አልኩ። ፊት ለፊቴ ሩዝና የፍየል ሥጋ ነበር፤ ጣዕሙን ግን አላውቀውም። ይህን ወሬ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜ የሚያወራው እሱ ነው። አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ይሁን።

አባታችን እዚሁ ከሚሴ፣ በዋናው መንገድ ዳር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበረው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ ሱቁ ውስጥ የምውለው እኔ ነበርኩ። የአባቴ ዓይን እየደከመ ስለሄደ የካርቶኑን ጽሑፍና የዕቃውን ቁጥር አነብለት ነበር። እያነበብኩ ለመድኩት። ሾፌሮች አሮጌ ዕቃ በጨርቅ ጠቅልለው ሲያመጡ፣ ከየትኛው መኪና እንደወጣ ሳልጠይቅ የምለይበት ጊዜ ነበር። ሰይድ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አዲስ አበባ እየተመላለሰ ዕቃ ያመጣል፤ ሲመለስ ቆዳ ጃኬቱን ለብሶ መናኸሪያው አካባቢ ይዞራል።

የዚያን ዓመት አባታችን ሁለታችንንም አስቀምጦ፣ «እኔ ደክሜያለሁ። የሱቁን ቁልፍ ከሁለት አንዳችሁ ትይዛላችሁ። ለማን እንደሚገባ እያየሁ ነው» አለን። በእኛ ሰፈር የመለዋወጫ ሱቅ ቁልፍ በሴት ልጅ እጅ ይገባል ብሎ ማሰብ ቀላል ነገር አልነበረም። አባቴ ግን አስቦት ነበር። ሰይድ ይህን ክፍል ሲያወራ ይዘለዋል።

ሀጂ እንድሪስ የግመል ነጋዴ ነበሩ፤ ባቲ ገበያ ቀርተው አያውቁም። ሥራቸውን ጨርሰው ከሚሄዱ የውጭ ሰዎች አንድ መኪና ገዙ። መኪናው እንደሌላው ሞላ የለውም። በሞላው ፈንታ ከየጎማው በላይ አየር የሚይዝ ወፍራም የጎማ ከረጢት አለው። አንዲት ትንሽ ኮምፕሬሰር ከረጢቶቹን ትነፋለች፤ ቁልፍ ሲጫኑ መኪናው ከፍም ዝቅም ይላል። ሀጂ በዚህ ነገር እንደ ልጅ ይደሰቱ ነበር። «ግመል ነው ወላሂ! ተንበርከክ ስለው ይንበረከካል» ይሉ ነበር። ዋናው ነገር ግን እናታቸው ነበሩ። እማ ኑሪያ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ ሌላ መኪና ላይ መውጣት አይችሉም። እዚህኛው ላይ ግን ማንም ሳይደግፋቸው ራሳቸው ይቀመጣሉ።

ጥቅምት ላይ፣ የጨፋ ሜዳ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ በየመንገዱ ዳር ጥንቅሽ እየተላጠ በሚሸጥበት ሰሞን፣ መኪናው ከኋላ እየተኛ ማደር ጀመረ። ጠዋት ሲያዩት እንደ ተቀመጠ ውሻ ነው። ጋራዡ ያለው መካኒክ፣ «ይሄን ጣጣ አውጥተን ሞላ እናስገባና እንገላገል» አላቸው። ሀጂ እምቢ ብለው ወደ እኛ መጡ። እኔ የሳሙና ውሃ በጥብጬ ከረጢቶቹ መታጠፊያ ላይ አፈሰስኩበት። ከሁለቱም የኋላ ከረጢቶች አረፋ ኩፍ ኩፍ አለ። ጎማው ተሰነጣጥቋል። ቁጥሩን ከጎማው ላይ ገልብጬ ጻፍኩ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ኦርጅናል ይሻለኛል ወይስ ያ ተመሳሳይ የሚሉት?»

«ኦርጅናሉ ታዞ ነው የሚመጣው፤ ይቆያል። ዋጋውም ይከብዳል» አልኳቸው። «ተመሳሳዩ አዲስ አበባ በዕለቱ ይገኛል። ከተመሳሳዩም ጥሩ አለ፤ ግን ሠሪው የታወቀ፣ ቁጥሩ ጎማው ላይ የታተመ መሆን አለበት። እርስዎ ቆላ ለቆላ የሚመላለሱ፣ እናትዎንም የሚጭኑ ከሆነ ኦርጅናሉን ይጠብቁ።»

«እጠብቃለሁ። የእናቴ ነገር ነው» አሉ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው፣ «አንተ፣ ይቺ ልጅህ ከወንድ ትበልጣለች እኮ!» አሉት። አባቴ ሳቀ። ሰይድ በር ላይ ቆሞ ጥንቅሹን ይመጥ ነበር፤ አልሳቀም።

በማግስቱ ሰይድ አዲስ አበባ ሄደ። ወር ይፈጃል የተባለውን ዕቃ በአራተኛው ቀን ይዞ መጣ። «ሌላ ሰው አዞት የተወውን አገኘሁ» አለ። ካርቶኑ ላይ ያለው ስምም ቁጥሩም ልክ ነበር። አባቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ጠዋት ሱቁን ስከፍት ካርቶኑን ገልጬ አየሁ። ጎማው ላይ ምንም አልታተመም። መታጠፊያው በጣት ሲጫኑት እንደ ብስክሌት ጎማ ስስ ነው። ከላይ ያለው የብረት ቀለበት አፉ በደንብ አልተጨመቀም። በኦርጅናል ካርቶን ውስጥ ያለ፣ ስም የለሽ ዕቃ ነበር።

እዚህ ላይ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ። ያን ጊዜ አባቴ ውዱእ አድርጎ ጓሮ ተቀምጦ ነበር፤ ብቻውን ነበር። ሄጄ በጆሮው ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ካርቶኑን መልሼ ዘጋሁት። ሰው ባለበት፣ ሀጂ ባሉበት፣ ሰይድ በሁሉ ፊት እንዲጋለጥ ፈለግኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ቁልፉን ፈልጌው ነበር።

ያላሰብኩት ዱአውን ነው። ሀጂ እንድሪስ ለእናታቸው መኪና የሚገባ ዕቃ ያለ ዱአ አይገጠምም ብለው ሦስት ሽማግሌ ይዘው መጡ። ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ጫትና ቴምር ቀረበ፤ ካርቶኑን መሀል አስቀመጡት። ትልቁ ሼህ እጃቸውን ዘርግተው ለመንገዱ፣ ለጎማው፣ ለእማ ኑሪያ ጉልበት ሳይቀር ለመኑ። ሁሉም አሚን አለ። ሰይድ ከሁሉም ጮክ ብሎ አሚን አለ። አሚን ብለው ፊታቸውን ሲያብሱ እኔ ተነሣሁ።

«ይህ ኦርጅናል አይደለም» አልኩ። «ካርቶኑ ነው እንጂ ዕቃው ሌላ ነው። ቁጥሩን አሳዩኝ።»

ሰይድ፣ «በቃ ደግሞ ጀመራት!» አለ። ትልቁ ሼህ፣ «አስተግፊሩላህ በይ ልጄ! አሚን በተባለበት ነገር ላይ?» አሉኝ።

«ዕቃውን ብቻ ይዩት!»

«ዝም በይ!» አለ አባቴ። እንደዚያ ጮኾብኝ አያውቅም።

ዝም ብል ጥሩ ነበር። ግን ነደደኝ። «ይፈነዳል! ወላሂ ባቲ ደርሶ አይመለስም!» አልኩ።

ቁጥር ማለቴን ማንም አላስታወሰውም፤ ይህችን ቃል ግን የረሳት የለም። ካርቶኑን ከፍቶ ያየም አልነበረም። ዱአ የተደረገበትን መልሶ መመርመር ሽማግሌዎቹን መናቅ ነውና ዕቃው በዚያው ዕለት ተገጠመ። መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰይድ በከተማው ሁለት ዙር ነዳው።

በሦስተኛው ሳምንት ሀጂ እናታቸውን ይዘው ባቲ ሄዱ። ከባቲ ወደ ኮምቦልቻ ሽቅብ ሲወጡ የኋላው ግራ ከረጢት ፈነዳ። የቀረውንም እነፋለሁ ስትል ኮምፕሬሰሯ ተቃጠለች። እማ ኑሪያ ግማሽ ቀን ሙሉ ከአንዲት ግራር ሥር በሐሩር ተቀምጠው ዋሉ። መኪናው በሌላ መኪና ተጎትቶ ከሚሴ ሲገባ ሕዝቡ ወጥቶ አየው። እኔም አየሁት። ደስ ብሎኛል ብል ውሸት ነው፤ አላለኝም ብልም ውሸት ነው። አሁን ይገባቸዋል ብዬ ነበር።

የገባቸው ሌላ ነው። ሀጂ ሱቁ ድረስ መጥተው ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ምላስሽ አረፈበት! ዱአውን አፈረስሽብኝ!» አሉ። ሰይድ ከኋላቸው ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። የተቀደደውን ከረጢት አንሥቼ፣ «ይኸው፣ ቁጥር የለውም፤ ይዩት» አልኩ። አላዩትም። መኪናው ውስጥ የተቀመጡት እማ ኑሪያ ብቻ በመስኮት፣ «ኢንታልቲ ዱጋ ጄቴ» አሉ፤ ልጅቷ እውነት ተናግራለች ማለት ነው። ሀጂ፣ «እማ፣ ተይ አንቺ ደክሞሻል» አሏቸው።

እነዚያው ሽማግሌዎች እንደገና ተቀመጡ። ዕቃውን ያመጣው ሳይሆን ሟርት የተናገረችው ይቅርታ ትጠይቅ ተባለ። የሀጂን እጅ ሳምኩ። ከዚያ የሰይድን ጉልበት ሳምኩ። ጎንበስ ስል ከላይ ሆኖ ቀስ ብሎ፣ «አንቺ ተነሺ፣ ይበቃሻል» አለኝ፤ እሱ ራርቶልኝ ማለት ነው! ማታውኑ አባቴን፣ «አንተም አላመንከኝም?» ብዬ ጠየቅኩት። «አምኜሻለሁ» አለኝ። «ግን ሰው ሟርተኛ ካላት ልጅ ዕቃ አይገዛም።» ቁልፉን ለሰይድ ሰጠው። በሀጂ መኪና ላይ ሞላ ገባበት፤ ከዚያ በኋላ እማ ኑሪያን ሁለት ሰው ተሸክሞ ነበር የሚያስቀምጣቸው።

ሽማግሌዎቹ፣ ሀጂም፣ አባቴም አልፈዋል፤ አላህ ይማራቸው። እነሱን ይቅር ብያቸዋለሁ። ተመሳሳይ ዕቃን ተመሳሳይ ነው ብሎ መሸጥ ነውር የለውም፤ ብዙ ሰው በእሱ ነው የሚኖረው። ሰይድ የፈጸመው ግን ሌላ ነው፤ ያውቀዋል። አንድ ቀን ብቻችንን ሳለን እንዲነግረኝ ጠብቄ ነበር። ሱቁን አስፋፋ፤ ሐጅ ሄደ፤ ልጅ ዳረ። አልነገረኝም።

አሁንም ሾፌሮች በጓሮ በር እየመጡ፣ በአክብሮት «አዴ ዘሀራ፣ እስኪ ይቺን እዪልኝ» ይሉኛል። አይላቸዋለሁ፤ ያመሰግኑኛል፤ ከዚያ ሄደው ከሰይድ ሱቅ ይገዛሉ። ትናንት አንዱ ከሰይድ አዲስ የገዛውን ከረጢት ይዞ መጣ። ገለጥ አድርጌ ጎማውን ዳሰስኩት፤ ቁጥር የለውም።

«መልሰው» አልኩት። «ሰይድ ማን ነገረህ ቢልህ ዘሀራ ብላኛለች በል። ሰው ሲኖር በለው።»

«ኧረ እሺ አዴ» አለኝ፤ ሳቅ ብሎ ካርቶኑን አቀፈና ሄደ። ዕቃው ተቀይሮለታል፤ ዛሬ መኪናውን አይቼዋለሁ። ስሜን ግን የጠራ አይመስለኝም።