እትዬ ትርንጎን ብቻዋን የላክኋት እኔ ነኝ

ጠዋት ስልኩን ሳነሳ «ትርንጎ እኮ አረፈች» አሉኝ። «የትኛዋ ትርንጎ?» አልኩ፣ መተማ ዮሐንስ ውስጥ ሌላ ትርንጎ እንደማላውቅ እያወቅሁ። አሁንም ተሳስተው ይሆናል እያልኩ ስልኬን አያለሁ።

ለማታውቋት፦ እትዬ ትርንጎ ትራንዚተር ሆና ሃያ ዓመት ድንበር ላይ የነጋዴ የጉምሩክ ወረቀት ስታገላብጥ የኖረች ሴት ናት። የሱዳን ጦርነት ሥራውን ሲያቀዘቅዘው፣ በሃምሳ ዓመቷ የሰው ቤት ማደራጀት ጀመረች። ዕቃ ትለያለች፣ የማያስፈልገውን ታስወጣለች፣ ለቀረው ቦታ ትሰጠዋለች። ሰው ሳቀባት። «በስተርጅና ሠራተኛ ሆነሽ ተቀጠርሽ?» አሏት።

«መጥረጉን ራሳችሁ ጥረጉ፤ እኔ ዕቃውን ቦታ ቦታውን ነው የማስይዘው!» አለቻቸው።

እኔም ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳት።

እኛ አገር መቼም ታውቁታላችሁ፤ ባዶ የሰሊጥ ጆንያ አይጣልም። «ለከርሞ ይሆናል» ተብሎ አልጋ ሥር ይከተታል። የቀረው ሰሊጥ አይጥ ይጠራል፣ አይጡ ደግሞ እባብ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት የምንገባው ሁለት ሆነን ነው። እኔ በረጅም ዱላ ጆንያውን እመታለሁ፣ እሷ ቆይታ ትስባለች። እጄን ካስቀደምኩ «መጀመሪያ ዱላ፣ ቀጥሎ ዓይን፣ እጅ መጨረሻ!» ብላ ትጮህብኛለች።

አንዴ አብርሃ ጅራ ከተማ አንድ ቤት ውስጥ ጊንጥ ወጥቶብን ጠረጴዛ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችብኝ። ከዚያ ግን እስክረጋጋ ድረስ እጄን ይዛኝ ቆመች።

ትናንት ሸሕዲ ከተማ ቀጠሮ ነበረን። የቤቱ ባለቤት በዋዜማው ደውላ «አልጋ ሥር የሚንኮሻኮሽ ነገር እሰማለሁ» ብላናለች። እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ። እትዬን «ራሴን አሞኛል» ብዬ ዋሸኋት።

«ተኚ ሆዴ፣ ለአንድ ክፍል ቤት እኔም አላንስ» አለችኝ።

ብቻዋን መታች፣ ብቻዋን ሳበች። እጇን እባብ ነደፋት። ወደ ጎንደር ሲወስዷት መንገድ ላይ አረፈች።

ቅድም ባለቤቲቱ እያለቀሰች ደወለችልኝ። እባቡ አልተገኘም። ሦስት ልጆቿን ይዛ ደጅ ነው ያደረችው። ጎረቤቱ በር ላይ ቆሞ ያያል እንጂ የሚገባ የለም። «አንቺ ታውቂበታለሽ፣ ነይልኝ» አለች። እሺ አልኳት። ከዚያ ወዲህ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብያለሁ። በገዛ ቤቴ እግሬን መሬት ማውረድ ፈርቻለሁ።

እትዬ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ትቀበሪያለሽ። ይቅርታሽን ለመጠየቅ አፍ የለኝም። ይህን ስጽፍ እንኳ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ግን ከቀብርሽ መልስ ሸሕዲ እሄዳለሁ። አብሮኝ የሚገባ ሰው ባገኝም ባላገኝም፣ እነዚያ ልጆች ዛሬ ደጅ አያድሩም።

ነፍስሽን ይማረው። ደህና ሁኚ እትዬ። መንገድ ላይ ልመለስ ካልኩ ግን ተቆጪኝ።