ስታዲየም ሙሉ ሰው በስሜ ሲጠራኝ

ፊደል የቆጠርኩት በልምጭ ነው፤ ስሜ ሲጠራ ፈጥኜ ተነሥቼ «አቤት» ካላልኩ ጠጠር ላይ እንበረከክ ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ኖርክሮስ ከተማ መጋዘን ውስጥም ካርቶን ስሸከም አርጅቻለሁ። አንድም ቀን አላማረርኩም።

የዛሬው ፈተና ግን ይለያል፤ በእጅ ታቅፈውት የሚሮጡት «የእግር ኳስ»!

የልጄ የሰዒድ ልጅ ነጂብ በኮሌጁ ቡድን ላይንባከር ነው። ሥራው ኳስ የያዘውን ሰው መጣል ነው። ለዚህ ታላቅ ጥበብ ኮሌጅ መግባት ያስፈልጋል አሉ። እስከ ዛሬ አልሄድም ብዬ ነበር፤ ሰዒድ «የመጨረሻ ጨዋታው ነው» ብሎ ለምኖ ወሰደኝ።

ነጂብ አንዱን ምስኪን ዘረረው። ድምፅ ማጉያው «ይመር!» ሲል፣ ስታዲየም ሙሉ ሰውም «ይመር!» ብሎ ሲጮኽ፣ እኔ ዘልዬ ተነሥቼ «አቤት!» አልኩ።

«አባባ፣ ይቀመጡ! እርስዎን አይደለም፣ ልጁን ነው» አለኝ ሰዒድ።

ለካስ በዚህ አገር የአያት ስም በልጅ ልጅ ጀርባ ላይ ይጻፋል፤ ያለ አያት ፈቃድ!

ጨዋታው ሲያልቅ ነጂብ እያነከሰ መጣ። «አባባ፣ ሲሪየስሊ? መጣህ?» አለኝ፤ ዐይኑ እንባ አቅርሯል። «አንተ» መባሌን ለዛሬ ብቻ እንዳልሰማሁ አለፍኩት።

በእናንተስ ስም ማን ሰው ይጥላል? ጻፉልኝ።

እኔ ግን ይመር የሚለውን ስሜን ለልጅ ልጄ ለነጂብ አውርሻለሁ። ከእንግዲህ ሲጠራ «አቤት» የሚለው እሱ ነው።