አዞው እንዳያለቅስ ብዬ

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ጠዋት በሰልፍ ሰዓት ባንዲራው ሥር ቆሜ አንድ ገጽ ተኩል ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ርእሱ «ታናሽ እህቴ ጥርሷን መቦረሽ እንዴት ወደደች» ይላል። ትምህርት ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። የአማርኛ መምህራችን ወረቀቱን ተቀብለውኝ ደግመው አዩትና «አንቺ ልጅ፣ መጻፍ ትችያለሽ» አሉኝ። ያን ቀን ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት በሩጫ ነው የወጣሁት። መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ዛሬም ብዕር ስይዝ ልቤ ያችን ዳገት ይሮጣል። ግን ያነበብኩት ጽሑፍ ግማሹ ውሸት ነበር። እውነተኛውን አሁን ልጻፈው።

ነገሩ የተጀመረው በጤና ክበባችን ነው። የክበቡ መምህርት «እቤቱ ታናሽ ያለው እጁን ያውጣ» አለችን። ከዚያ ሕፃናትን ጥርስ መቦረሽ የሚያስተምር አፕ ከስልኳ ወደ ስልካችን እያስተላለፈች ሰጠችን። እኔ ስልክ ስላልነበረኝ በማግስቱ የእማን ለምኜ ይዤ ሄድኩ። ብዙ ኮከብ ያሰባሰበ ልጅ በሰልፍ ላይ ይሸለማል ተባለ።

አፑ ውስጥ አረንጓዴ አዞ አለ። ሙዚቃው ሲጀምር ብሩሹን ይዞ ይጨፍራል፤ ሕፃኑም ሁለት ደቂቃ ሙሉ አብሮት ይቦርሻል። ሲያበቃ «ጨረስኩ» የሚለው ሲነካ ኮከብ ይወጣል። አንድ ቀን ከታለፈ ግን አዞው ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፤ ኮከቡም ከዜሮ ይጀምራል።

እህቴ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። ወደደችው። አፏ በአረፋ ተሞልቶ እንኳ ጥያቄዋ አያቋርጥም።

«ሚቼ» አለችኝ። በወላይትኛ እህቴ ማለቷ ነው። «አባያ ሐይቅ ያለው አዞስ ይቦርሻል?»

«እሱንማ ሰው ነው የሚቦርሽለት።»

«ከዚያስ?»

«ሲጨርስለት ይበላዋል።»

አረፋውን ፊቴ ላይ ረጨችው። እማ ከጓሮ «ተዉ እናንተ ልጆች፣ ውሃውን ጨረሳችሁት!» ብላ ጮኸች።

አባቴ ከሻንቶ አልፎ ገጠር ውስጥ ያስተምራል፤ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። በየቀኑ የኮከቡን ገጽ ስክሪንሾት አድርጌ እልክለት ነበር። እሱም «የእኔ ኮከብ! በርቺ» ብሎ ይመልሳል። መልእክቱን ሳነብላት እህቴ ስልኩን ትስመዋለች።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። አንድ ጠዋት አረፈድን። የኮንትራት ባጃጃችን በር ላይ ጥሩንባውን ይነፋል፣ እህቴ አንድ እግር ጫማ አድርጋ ሌላውን አልጋ ሥር ትፈልጋለች። ቦርሳዋን ይዤ ስጎትታት ማልቀስ ጀመረች።

«አዞዬ ያለቅሳል! ኮከቤ ይጠፋል!»

እኔም እንዲጠፋ አልፈለግሁም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሙዚቃውን ከፈትኩት። አዞው ሲጨፍር ጫማዋን አሰርኩላት፣ ፀጉሯን አበጠርኩላት። ሲያበቃ «ጨረስኩ»ን ነካሁት። ኮከቡ ወጣ።

እህቴ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ስልኩን አየች። «አያይም እንዴ?»

«ስዕል እኮ ነው። በምን ያያል?»

ተሳሳቅን። እየሳቅን ባጃጁ ላይ ወጣን።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። በሳምንት አንዴ የነበረው ሦስቴ ሆነ፣ ኋላ በየቀኑ። አዞው ጠረጴዛው ላይ ይቦርሻል፤ እኛ እንለብሳለን፣ ስኳሩ የበዛ ሻያችንን በዳቦ እንጠጣለን። እማ የሙዚቃውን ድምፅ ከጓሮ ስለምትሰማ አንድም ቀን ብሩሹ ደርቆ እንደሆነ አላየችም። እኔ ተሸለምኩ፤ ጽሑፌንም ያነበብኩት በዚያው ቀን ነው። አንደኛ ክፍል ሰልፍ ላይ የቆመችው እህቴ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች። ሽልማቱን ካገኘሁ በኋላ እንኳ አላቆምኩም፤ አባቴ ኮከቡን ይጠብቃል።

ስምንት ዓመቷ ላይ «የኋላው ጥርሴ» ማለት ጀመረች። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ ብቻ ነበር። አፏን ከፍቼ አየሁት፤ በታች በግራ በኩል ጥቁር ነገር አለበት።

«የወተት ጥርስ ነው፤ ይወልቃል» አልኳት። «ሌላ ይበቅልልሻል።»

እማም ቅርንፉድ እያስነከሰቻት «የፊቶቹ ወልቀው በቅለው የለ? ይሄም ተራው ደርሶ ነው» አለች። የጎረቤት ሴቶችም ያንኑ አሉ። ልጅ ነችና ጥርሷ ሁሉ የወተት ነው ብለን ነው። አፑ ላይ ከኮከቡ ሥር የጥርስ ስዕል ያለበት ትምህርት ነበር። ኮከብ ስለማይሰጥ አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም።

ለጊፋታ ጉኑኖ ከተማ፣ አያታችን ቤት ሄድን። አዲስ ዓመታችን ስለሆነ ሥጋው በኮባ ቅጠል ላይ ቀርቦ፣ ዳጣው ከመሃል ተቀምጦ ቤተ ዘመድ ሁሉ ከቦታል። እህቴ ሥጋ ነፍሷ ነው። አባቴ ቆርጦ ሲያጎርሳት ትቀበላለች፣ ፊቷን ታዞራለች፣ ከዚያ ቀስ አድርጋ ከአፏ አውጥታ ቅጠሉ ሥር ትከታለች። አጎቴ አይቷት «ይቺ ደግሞ ለከርሞ ታስቀምጣለች!» ብሎ ሰውን አሳቀ። አባቴ አልሳቀም። አገጯን ይዞ ወደ ብርሃን አዞራት። ጉንጯ አብጦ ነበር።

በበነጋው ኦቶና ሆስፒታል አካባቢ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ በመብራት አየቻትና «ትቦርሻለች?» ብላ ጠየቀች።

እማ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ የኖረች ነው የሚመስለው። ስልኳን ከጡቷ ሥር አውጥታ አፑን ከፍታ ሰጠቻት። «ይኸው ዶክተር፤ አንድ ቀን እንኳ አላቋረጠችም።»

ኮከቡ ከአምስት መቶ በላይ ነበር። ሐኪሟ ስልኩን አየች፣ የእህቴን አፍ አየች፣ እንደገና ስልኩን አየች። እህቴ አፏን እንደከፈተች በዓይኗ ፈለገችኝ። ከዚያ ሐኪሟ እጇን ከአፏ ስታነሳላት «እንቦርሻለን» አለች። እንቦርሻለን። ለእኔ ብላ።

«ይህ የወተት ጥርስ አይደለም» አለች ሐኪሟ። «ስድስት ዓመት ላይ ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ጀርባ ይበቅላል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚወጣ ሰው አያውቀውም። ቋሚ ነው፤ ከተነቀለ የሚተካው የለም። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ይሞላ ነበር፤ አሁን ሥሩ አልቋል።»

ሊነቅሉላት ሲያስገቧት አባቴ ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ኮከቡስ?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ነገርኩት። ሁሉንም። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ሳይሆን ቀረ። ስልኩን እያገላበጠ «እኔ እኮ በየቀኑ አየው ነበር» አለ። «ክፍል ከመግባቴ በፊት አየው ነበር።» እንዲያውም ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

እህቴ ጥጥ ነክሳ ወጣች። በእጇ ትንሽ ፋሻ ጨብጣለች፤ ጥርሷን ጠቅልለው ሰጥተዋታል። እቤት ስንደርስ ማንንም ሳትጠብቅ ግቢው መሃል ቆመች። የፊቶቹ ሲወልቁ እንዳደረገችው «ያረጀውን ውሰድ፣ አዲሱን ስጠኝ» አለችና ወደ ጣሪያው ወረወረችው። ቆርቆሮው ላይ ኳ ብሎ አረፈ። እማ ወደ ቤት ገባች። አባቴ ጫማውን መፍታት ጀመረ። ሐኪሟ ያለችውን ለእህቴ በልጅ ቋንቋ የነገራት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ከእንቅልፏ ስትነሳ የስልኩን መብራት አብርታ ትመጣለች። አፏን ትከፍታለች።

«በቀለ?»

«ገና ነው።»

በዚያው ጽሑፉን ባነበብኩበት አፍ «ገና ነው» አልኳት። አሁን በእውነት ትቦርሻለች፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ እቦርሻለሁ። አዞውን አትፈልገውም። ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ቦርሻ ባዶውን ድድ ግን በጣም ቀስ አድርጋ ታሻዋለች፤ እንዲበቅል ውሃ እንደምታጠጣ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንዲህ ስታደርግ አየኋትና አላስቻለኝም። ብሩሹን ከእጇ ተቀብዬ ተንበረከኩ።

«አይበቅልም» አልኳት። «የመጨረሻው ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ኮከብ ብዬ።»

አላለቀሰችም። ወደ ውጭ ወጣች። ተከተልኳት። አንገቷን ቀና አድርጋ ጣሪያውን ታያለች።

«እንግዲያው አውርጂልኝ» አለችኝ። «አዲሱን ካልሰጠኝ ጥርሴን ይመልስልኝ።»

አባቴ መሰላል ያዘልኝ። ቆርቆሮው ዝናብ አጥቦት ባዶ ነው። ወርጄ ውሃው ከጣሪያው የሚወርድበት ከእንሰቱ ሥር ጭቃውን በእጄ መጫር ጀመርኩ። እሷም አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ነጭ ጠጠር ባገኘች ቁጥር በቀሚሷ ጠርጋ መዳፌ ላይ ታስቀምጣለች።

«ይሄ ነው?»

«አይደለም፣ እህቴ።»

«ይሄስ?»