ወጥታ ያልተጠራችው

መተማ ቆላ፣ ሸሕዲ ላይ እስከዳርን የማያውቅ የቀን ሠራተኛ ካለ ገና ትናንት ከደጋ የወረደ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ መናኸሪያው አጠገብ የሚቆመው፣ ሠራተኛ የሚቀጠርበት የሰው ገበያ ያለ እሷ አይደምቅም ነበር። አጎቷ አቶ ባየልኝ ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ የሰሊጥ እርሻ አላቸው፤ አባቷ ሲሞት ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። ሰውዬው ታዲያ ከሰው ጋር ሁለት ቃል ሳይነጋገሩ ደማቸው ይፈላል። ስለዚህ ሳሉጎቹን፣ ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱትን ሠራተኞች ማለት ነው፣ የምታነጋግርላቸው እስከዳር ነበረች።

የሰው ገበያው የራሱ ወግ አለው። ቀጣሪው የመጀመሪያውን ዋጋ ሲጠራ ሠራተኛው ይቆጣል፤ ማጭዱን አንሥቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። ሲሄድ ግን ቀስ ብሎ፣ ጆሮውን ኋላ ጥሎ ነው። ቀጣሪው ደግሞ "ና እስቲ፣ ና!" ብሎ ይጠራዋል። የተጠራ ሰው ተከብሮ ይመለሳል። በመጀመሪያው ዋጋ እሺ ያለ ሰው ወይ በሽተኛ ነው ወይ የሚሸሸው ነገር አለው ተብሎ ይጠረጠራል። ሳይጠሩት ራሱ የተመለሰማ አለቀለት፤ አጨዳው እስኪያልቅ የሠራተኛው ካምቦ ሁሉ መሳቂያ ይሆናል። እስከዳር ይህን ያወቀችው ፊደል ሳትቆጥር ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወሰደች፤ ወደቀች። ከክፍሏ ያለፈ ሰው አልነበረም። ግማሹን ዓመት ተኩስ ሲሰማና መንገድ ሲዘጋ ያሳለፈ ተማሪ በምን ተአምር ይለፍ? ይህን የጠየቀላት ግን የለም። ያገሩ ሰው "ወደቀች" አለ፣ ዝናብ ጣለ እንደሚባለው። አቶ ባየልኝማ ደስታቸውን ለመደበቅ እንኳ አልሞከሩም።

"እንኳን! ሰሊጤን ማን ሊሰበስብልኝ ነበር?" አሉ።

ሦስት አጨዳ አለፈ። ከዚያ በኋላ ነው ደጋ ላይ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሊበራል አርትስ አማራጭ ፕሮግራም መክፈቱን ስልኳ ላይ ያነበበችው። የማለፊያ ነጥብ ያላመጣ ሰው ጽሑፍ ይልካል፤ ጽሑፉን ከወደዱለት ቀርቦ ይጠየቃል፤ ከገባ ታሪኩንም፣ ፍልስፍናውንም፣ ሒሳቡንም አንድ ላይ ይማራል፤ ዓመቱን በደንብ ከጨረሰ እንደማንኛውም ተማሪ ይቀጥላል። እስከዳር ስለ ሰው ገበያው ጽፋ ላከች። ነይ ተባለች።

"የወዳቂዎች ዩኒቨርሲቲ!" አሉ አቶ ባየልኝ፣ ፊታቸውን አጥቁረው። "ሐኪም አይወጣበት፣ መሐንዲስ አይወጣበት! ተምረሽው ምን ልትሆኚ ነው?"

"እሱን ተምሬ አየዋለሁ፣ ጋሼ።"

"ሰሊጡ ሊረግፍ ደርሶ ጥለሽኝ ትሄጃለሽ?"

"እሄዳለሁ።"

"ሂጂያ! ምነው ባላሳደግሁሽ!"

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ቆጠቆጠቻት። መንገዱ በተከፈተ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ፣ በየኬላው እየወረደች እየተፈተሸች፣ ደጋ ገባች።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የጠየቋት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢዋ ዶክተር ማርያማዊት ይባላሉ። ሴትዮዋ ተቀመጪ እንኳ አላሏትም፤ ራሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ከመተማ ነሽ?"

"ከሸሕዲ ነኝ።"

"ያው ነው።"

"ያው አይደለም" አለች እስከዳር።

ዶክተሯ ቀና ብለው አዩዋት። "ይህን ጽሑፍ ማን ጻፈልሽ? ዘንድሮ ሁሉም በስልኩ እያስጻፈ ነው የሚያመጣልን።"

"ስልኬ ሰው ገበያ ቆሞ ያውቃል እንዴ?"

አብረዋቸው ከተቀመጡት ሁለት ወንዶች አንዱ ሳቀ። ዶክተሯ አልሳቁም። ስለ ገበያው እያፋጠጡ ጠየቋት፤ እሷም እያፋጠጠች መለሰች። በመጨረሻ ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

"እንቀበልሻለን" አሉ። "ማደሪያ ግን አንሰጥሽም። የመጀመሪያውን መንፈቅም በሙከራ ነው የምትማሪው። ትስማሚያለሽ?"

እስከዳር ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። እነሆ፣ ዋጋ ተጠራላት! እንግዲህ ወጉን ማድረስ ነው።

"አልስማማም!" አለች ኮስተር ብላ። "ያለ ማደሪያ፣ ያውም በሙከራ? ይቅርብኝ!"

ተነሣች። ነጠላዋን አጣፋች። ቀስ ብላ፣ ጆሮዋን ኋላ ጥላ ተራመደች። በሩ ጋ ስትደርስ እጀታውን ያዝ አድርጋ ትንሽ ቆየች።

"ቀጣይ!" አሉ ዶክተር ማርያማዊት።

መነጽር ያደረገች አንዲት ልጅ በአጠገቧ ሾልካ ገባች፤ በሩም ተዘጋ።

አይ የተማረ ሰው! እምቢ ሲሉት እምቢ ተባልኩ ብሎ ያምናል። ስለ ሰው ገበያ ያን ያህል አፋጥጠው ጠይቀው፣ ገበያው ፊታቸው ሲቆም ግን አላወቁትም። እስከዳር ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠላቻቸው። ወግ ያስተማሯትን አጎቷንም ጠላች፤ ከሁሉም በላይ ምላሷን ጠላች። ወደ መናኸሪያ ከወረደች ነገ ያው ገበያዋ ላይ ናት፤ የዛሬ ዓመትም፣ የዛሬ አሥር ዓመትም። ተመልሳ ከገባች ደግሞ ሳይጠሯት የተመለሰች ልትሆን ነው። አምና አንድ የወሎ ሰው እንዲህ ተመልሶባት፣ ዋጋውን ሰብራ ቀጥራው ነበር። ፊቱን ያን ጊዜ ልብ አላለችውም፤ አሁን ግን ቁልጭ ብሎ ታያት። ሰውዬው የሚያበላቸው ልጆች ነበሩት።

ሳታንኳኳ በሩን ከፈተች።

"ምን ረሳሽ?" አሉ ዶክተሯ።

"ምንም አልረሳሁም። እኛ አገር እምቢ ብሎ የወጣን ሰው ይጠሩታል። እናንተ አልጠራችሁኝም።"

"አልስማማም ያልሽው አንቺ ነሽ እኮ!"

"እስማማለሁ። ያለ ማደሪያም፣ በሙከራም" አለች። ድምፅዋ ተሰበረ፤ መሰበሩም አናደዳት። "መማር እፈልጋለሁ።"

ሴትዮዋ አላዘኑላትም። "እዚህ ማንም ማንንም አይጠራም፤ ልመጂው" አሉና ስሟን ጻፉ። "በሩን ዝጊው።"

ከግቢው እንደወጣች ወደ አጎቷ ደወለች።

"ገባሁ፣ ጋሼ።"

"ለምነሽ?"

"ወጥቼ፣ ተመልሼ።"

"ሳይጠሩሽ?"

"ሳይጠሩኝ።"

"ወይ ውርደት!" ጮኹ። "ከእኛ ዘር እንዲህ ያደረገ የለም! ሸሕዲ ቢሰማ በየት በኩል ልለፍ?" ሌላም ብዙ ተናገሩ፤ እሷም ሳታቋርጣቸው ሰማች። ቁጣው አለቀ። ከዚያ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ፣ "ነገ ሳሉጎቹ ይገባሉ። እኔ እንደሆንሁ ሰው ማነጋገር አላውቅ" አሉ። "ነይ እስቲ። ነይ ልጄ።"

መጠራት ይሄው ነበር። በሸሕዲ ወግ የተጠራ ሰው ቀና ብሎ ይመለሳል፤ እሷም ስትጠብቅ የኖረችው ይህችኑ ቃል ነው። መንገድ ዳር ቆማ አለቀሰች።

"አልመጣም፣ ጋሼ" አለች። "የአሁኑ እምቢታዬ የምር ነው።"